የትከሻ ጅማት መበጠስና የጫኝ እንጀራ



የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ፣ ከፉርጎ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘንም ወደ ከፊራ ገበያ ሸቀጡ ሲጓዝ የኖረው በጫኝና አውራጁ ጫንቃ ላይ ነው። በዚያች ከተማ የትከሻ ጅማት ተበጠሰ ማለት የአንድ ቤተሰብ ገቢ ተቋረጠ ማለት ነው።

አራት ጡንቻዎች ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ተነሥተው፣ በጅማቶቻቸው የክንዱን አጥንት ራስ እንደ ቆብ ሸፍነው ይይዙታል። ከእነዚህ መካከል ለመበጠስ ይበልጥ የተጋለጠው የላይኛው ጅማት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በመውደቅ፣ ብዙውን ጊዜ ግን በዕድሜ እየሳሳ ይበጠሳል። በሽተኛው በታመመው ጎኑ መተኛት ያቅተዋል፤ ክንዱን ከራሱ በላይ ማንሣትም ይሳነዋል።

ኤርነስት ኮድማን የተባለው የቦስተን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 ይህን ጅማት ሲሰፋ ትከሻውን መክፈት ግድ ሆኖበት ነበር። ዛሬ ግን በአርትሮስኮፒ፣ ማለትም ወደ መገጣጠሚያው በሚገባ ቀጭን መመልከቻ፣ ሐኪሙ ውስጡን በቴሌቪዥን መስኮት እያየ ይሠራል። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ጥቂት ቀዳዳዎች አማካይነት፣ ክር ያላቸው ጥቃቅን ችንካሮች በአጥንቱ ላይ ተተክለው ጅማቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሳሳቹ ነገር እዚህ ላይ ነው። የቆዳው ቁስል በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል፤ ጅማቱ ግን ቀዳዳው ስላነሰ ፈጥኖ ከአጥንቱ ጋር አይጣበቅም። ክንዱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በማንገቻ ይታሰራል፤ ማንገቻውም በድሬዳዋ ሙቀት ቀላል ቅጣት አይደለም። ጡንቻውን ማጠንከር የሚጀመረው ሦስት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ከባድ ሸክም ግን እስከ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይጠብቃል። ቁስሉ መድረቁን አይቶ በሁለተኛው ወር ኩንታል የተሸከመ ሰው፣ የተሰፋውን መልሶ ሊበጥሰው ይችላል። ድፍረት አይደለም፤ ቤቱ ጦም ስላደረ ነው።

መሣሪያው የሌለው ሆስፒታልም አንገቱን ሊደፋ አይገባውም። በብሪታንያ 273 በሽተኞች ተካፍለውበት እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ በመክፈትም ሆነ በአርትሮስኮፒ የተሰፋላቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ፣ ያለ አደጋ ጅማታቸው ከተበጠሰባቸው መካከል ሦስት አራተኛ ያህሉ በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ታግዘው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ያለ ቀዶ ሕክምና መቆየታቸውን ገልጿል።

ከጭነት መኪና ወድቆ ክንዱን ማንሣት ድንገት የተሳነው ብርቱ ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። እርሱ ከወጌሻ ወደ ወጌሻ ሲመላለስ ወራት ካለፉ፣ ጅማቱ ይሸሻል፤ ጡንቻውም ወደ ስብ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ መስፋቱም ያዳግታል። ስለዚህ ፈጥኖ መመርመር ይገባዋል።

ለቀዶ ሕክምና ቀን ሲቆረጥለትም፣ ስድስቱን ወር ቤቱን ማን እንደሚያስተዳድርና አሠሪው ቀላል ሥራ ይሰጠው እንደሆነ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። መልሱም ከምርመራው ውጤት ጋር በካርዱ ላይ ይጻፍ።