የዓሣዎችን ውኃ ማሞቂያ ከማጣሪያው ቱቦ ጋር ስለ ማያያዝ



በሳይንስ ክፍላችን ያለውን ባለ 200 ሊትር የዓሣ መስተዋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዕረፍት ሰዓት የታችኛው ክፍል ልጆች አፍንጫቸውን ለጥፈው የሚመለከቱት እሱን ነው። የሳይንስ ማኅበራችን ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ አዲስ ማሞቂያ ሊገዛለት ስላሰበ፣ ማሞቂያው እንዴት መገጠም እንዳለበት እንዳስረዳ ታዝዤአለሁ።

በመጀመሪያ፣ ዓሣ ሙቀት ምን ያደርግለታል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዓሣ እንደ እኛ የራሱን ገላ ሙቀት የሚጠብቅ ፍጡር አይደለም፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል። ምግቡ አይፈጭለትም፣ በሽታ የመከላከል ኃይሉም ይደክማል፤ ነጭ ነጥብ የሚባለውም በሽታ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከብርድ በኋላ ነው። የእኛ አንጀልፊሾች የአማዞን ወንዝ አገር ዘር ስለ ሆኑ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የውጪው አየር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። (ወርቅማ ዓሣ በቤቱ ያለው ሰው ግን አይጨነቅ፤ እሱ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ስለ ሆነ ማሞቂያ አያሻውም።)

አሁን ያለን ማሞቂያ በውኃው ውስጥ የሚጠልቅ የመስተዋት ዘንግ ነው። ዓሣዎቹ ይጋጩበታል፣ መልኩም አያምርም፣ ከተሰበረም ለእጅ አደገኛ ነው። አዲሱ ዓይነት ግን ከመስተዋቱ ውጭ፣ በማጣሪያው ቱቦ መካከል የሚገባ ነው።

ማጣሪያችን ከጠረጴዛው ሥር የቆመው ክዳን ያለው ጣሳ፣ ማለትም ካኒስተር ነው። ውኃው በአንድ ቱቦ በራሱ ክብደት ይወርድለታል፤ በስፖንጁና በሸክላ ቀለበቶቹ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ከላይ ያለው ፓምፕ በሁለተኛው ቱቦ መልሶ ወደ መስተዋቱ ይገፋዋል። በሸክላዎቹ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዓሣዎቹ ኩስ የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል።

እንግዲህ ማሞቂያው በየትኛው ቱቦ ይግባ? በሁለቱም ቱቦዎች የሚያልፈው የውኃ መጠን አንድ ስለ ሆነ ልዩነት የለውም የሚሉ አሉ። ስለ መጠኑ ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን በሚወርደው ቱቦ የሚያልፈው ውኃ ገና ያልተጣራ ነው፤ የቅጠል ስብርባሪና ኩስ በማሞቂያው ውስጥ እየተጠራቀመ መንገዱን ያጠብባል። ፓምፕም በመግቢያው በኩል መንገዱ ሲጠብበት አይወድም። ስለዚህ ትክክለኛው ቦታ ከማጣሪያው በኋላ፣ በመመለሻው ቱቦ ላይ ነው ባይ ነኝ። ደግሞም ተጋድሞ ሳይሆን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ውኃው ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ። እንዲህ ሲሆን የአየር አረፋ በውስጡ ሊቀመጥ አይችልም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አስቀድሞ የሁሉንም ሶኬት መንቀልና የማጣሪያውን ቧንቧዎች መዝጋት ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት 12 ወይም 16 ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ለክቶ ማሞቂያውን በዚያው ልክ መግዛት ይገባል። ቱቦው ቀጥ ብሎ በሚወጣበት ቦታ በስለታም ቢላዋ እኩል ይቆረጣል፤ ጫፎቹ ጥቂት በሙቅ ውኃ ተነክረው ሲለሰልሱ በማሞቂያው አፎች ላይ እስከ መጨረሻው ይገፋሉ፤ በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበትም ይታሰራሉ። ማሞቂያው በቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ከጠረጴዛው እግር ጋር መያያዝ አለበት። ከዚያ በኋላ ቧንቧዎቹ ተከፍተው ጣሳው ውኃ ሲሞላ ፓምፑ ብቻ ይሠራል። በመጋጠሚያዎቹ ሥር ደረቅ ወረቀት አንጥፎ አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ይበጃል፤ ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ብቻ የማሞቂያው ሶኬት ይሰካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚሆነው ነው። ወላጆቻችን ይህን ችግር ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

ባለ 200 ዋት ማሞቂያ 200 ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ፣ ወደ ውጭ የሚባክነውን ሙቀት ሳንቆጥር፣ 70 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ከ18 ወደ 25 ዲግሪ ለመድረስ ስምንት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ መሆኑ ነው። ፓምፑ በሰዓት 600 ሊትር የሚያሳልፍ ከሆነ ውኃው በማሞቂያው ውስጥ ባለፈ ቁጥር የሚጨምረው ሙቀት የአንድ ዲግሪ ሢሶ እንኳ አይሞላም። ይህ በጣም የዋህ መሣሪያ ያስመስለዋል። ነገር ግን ፓምፑ ቆሞ ማሞቂያው ቢሠራስ? በማሞቂያው ውስጥ ግማሽ ሊትር ውኃ ብቻ ቆሞ ቢቀር፣ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ25 ተነሥቶ ከ50 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በፓምፑ ውስጥ አየር ገብቶ ወይም መዘውሩ ተይዞ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል፤ ማሞቂያው ግን መብራት ካገኘ ይነሣል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ጥሩ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ሌላ የሙቀት መቈጣጠሪያ ገዝተው መለኪያውን በመስተዋቱ ውስጥ ያጠልቃሉ። ማሞቂያው ከልክ በላይ ቢሠራ ይህ ይጠቅማል። ፓምፑ በቆመ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የመስተዋቱ ውኃ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ መቈጣጠሪያው «ገና ነው፣ አሙቅ» እያለ ያዛል። በዚያን ጊዜ የሚያድነው በማሞቂያው አካል ውስጥ ያለው፣ ራሱ ሲግል የሚቆርጠው መሣሪያ ነው። ማኅበራችን ዋጋ ሲያወዳድር ይህ መሣሪያ የሌለውን ማሞቂያ፣ በነጻ እንኳ ቢሰጠን፣ መቀበል የለበትም።

ስለ ልጆቹ እጅ የሚያስቡ እናቶችም አሉ፤ ልክ ናቸው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ኤሌክትሪክ በሰው በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ በቅጽበት የሚቆርጠው፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚነሣው መቁረጫ በክፍሉ መስመር ላይ ይግባ። ዋጋው ከማሞቂያው ጋር በአንድ ዝርዝር መጻፍ አለበት እንጂ ለሚመጣው ዓመት የሚተው አይደለም። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ከታጠፈ በኋላ ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከእጥፋቱ ላይ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ቱቦው ቢላቀቅስ? በመመለሻው ቱቦ ላይ፣ ከውኃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብትበሳ፣ ውኃው ወደ ኋላ መፍሰስ ሲጀምር አየር ገብቶባት ፍሰቱ ይቋረጣል። ነገር ግን ይህች ቀዳዳ የምትከላከለው በዚያ በኩል ያለውን ብቻ ነው፤ በሚወርደው ቱቦ በኩል ውኃው እስከ መሳቢያው አፍ ድረስ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ የመሳቢያው አፍ ከታች እስከ አሸዋው ድረስ ባይወርድ እመርጣለሁ። ቢያንስ ለዓሣዎቹ የሚተርፍ ውኃ ይኖራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ አገር 25 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚይዘው የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከሩቅ አገር የሚመጡት የመመሪያ ወረቀቶች ይህን አያነሡትም። ስለዚህ የመመለሻው አፍ የውኃውን ፊት የሚያናውጥ ሆኖ ይስተካከል፤ ሙቀቱም በ25 ይቁም እንጂ ወደ 28 አይውጣ።

አሮጌው ማሞቂያ አዲሱ እስኪፈተን ድረስ በቦታው ይቈያል። መለኪያውን ከመመለሻው አፍ ርቆ፣ በሌላው ማዕዘን አንጠልጥለን ጧትና ማታ እየጻፍን ነው፤ መዝገቡ በሳይንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኝ፣ ከስብሰባው በኋላ ሊመለከት የሚወድ ሰው ሁሉ ይግባ።