ጓሯችሁ ውስጥ ምን ነበር?



ወላጆቻችን በጎንደር ገጠር ሳሉ፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኞቹ ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት እያረሱ ከምርቱ ያካፍሉ ነበር። ጎመኑና ጤና አዳሙ ግን ከጓሮ ነበር። እኛ ደግሞ ኪርያት ጋት ፎቅ ላይ ሆነን "መሬት የለንማ!" እንላለን። እነሱስ መቼ ነበራቸው?

አምና ሞክረን ነበር። "ጎመን በሰኔ ይዘራል" ሲባል ሰምተን በሰኔ ዘራን፤ ገና ብቅ እንዳለ ፀሐይ ጨረሰው። አንዲት እናታችን አይተው ሳቁና "ልጆቼ፣ ክረምት የሚቆጠረው በወሩ ነው ወይስ በዝናቡ?" አሉን። እውነታቸውን ነው፤ የጎንደር ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ እዚህ ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ።

ስለዚህ ዘንድሮ ጎመኑን በጥቅምት ዘርተን በላን። በርበሬ ብርድ ስለማይችል ከፋሲካ በኋላ ይተከላል። ባልዲ ይበቃል፤ ብቻ ከታች ብሱት፣ ውኃ ከቆመበት ሥሩ ይበሰብሳል። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት።

እውነቱን እንነጋገር፣ አንድ ባልዲ ቤተሰብ አይቀልብም። ግን በየቢሮውም በኩፓት ሆሊሙም ለወላጆቻችን የምናስተረጉመው እኛ ነን፤ አፈሩ ላይ ሲሆን አስተማሪዎቹ እነሱ ናቸው። ይህን እውቀት ሳንወርስ ብንቀር ከየትም ሱፐር አንገዛውም።

ወላጆቻችን፣ እባካችሁ አሳዩን። ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ "እማዬ፣ ጓሯችሁ ውስጥ ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ።