ስለ ማዕድ ከተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚገኝ ትምህርት

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል በኦሪት ሕግ ሲሠራ አስቀድሞ የመሬትና የእንጀራ ነገር ነበረ። ሃምሳኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ምድሪቱ እንድታርፍ፥ መሬቱን በችግር የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ፥ ማንም ሰው በወንድሙ ጉዳት እንዳይከብር ታዘዘ። እንግዲህ አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ስለ ሕንፃውና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ብቻ ሳይሆን፥ በምእመናኑ ማዕድ ላይ ስለሚቀርበው ምግብ መናገሩ ከበዓሉ ነገር መውጣት አይደለም። ይህ ምግብ ከማን እጅ መጣ? ያመረተውስ ሰው ጠግቦ ያድራልን? ያበቀለችው ምድርስ ለልጅ ልጅ ትተርፋለችን? እነዚህ ጥያቄዎች የገበያ ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም፤ የኅሊናም ጥያቄዎች ናቸው።

በቀድሞ ዘመን እነዚህን ነገሮች መጠየቅ ብዙ አያስፈልግም ነበር፤ የሚበላውና የሚያበላው ይተዋወቁ ነበርና። በዳሞት ተራራ ግርጌ የኖረ ሰው የሚበላውን ቆጮ የትኛይቱ ሴት እንደ ፋቀችው፥ ቅቤው ከማን ቤት እንደ ወጣ፥ በቆሎው ከየትኛው ማሳ እንደ ተሰበሰበ ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን በሶዶ ከተማ ሱቅ ከሚሸጠው ዘይትና ሩዝ ብዙው ከሩቅ አገር ይመጣል፤ የኢትዮጵያም ቡና ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። በአምራቹና በበላተኛው መካከል ብዙ ባሕርና ብዙ ነጋዴ ስለ ገባ ዓይን ለዓይን መተያየት ቀረ። ሳይተያዩ ደግሞ መተዛዘን ያስቸግራል፤ «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የተባለውም ተረት በዚህ ነገር ይፈጸማል።

ይህን የተቋረጠ መተያየት በጥቂቱም ቢሆን የሚጠግን አንድ መሣሪያ በዘመናችን ተገኝቷል፤ እርሱም ዘጋቢ ፊልም የሚባለው፥ የተፈጠረ ተረት ሳይሆን በእውነት የሆነውን ነገር የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይታወቃል። መሣሪያ ግን እንደ ያዘው ሰው ነው። ሥዕል ያታልላል፥ ሥዕል ያስተምራል፤ ይህም ሁለቱ ጠባይ በኢትዮጵያ በራብ ታሪክ እጅግ ግልጥ ሆኖ ታይቷል።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ራብ ሆነ። በመንገድ ዳር የወደቁትን ሰዎች መንገደኛው ያያቸው ነበር፤ ነገሩ ግን በአደባባይ አይነገርም ነበር። በኋላም ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ወሎ ሄዶ «ያልታወቀው ራብ» የሚል ፊልም አዘጋጀ፤ ፊልሙም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ያዩት ሰዎች እጅግ አዝነው ገንዘብ አዋጡ፤ የተሸፈነውም ራብ በዓለም ፊት ተገለጠ።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን ይህን ሥዕል ያየው አንድ ዓመት ያህል ከዘገየ በኋላ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ በዘመን መለወጫው ዕለት፥ ደርግ ፊልሙን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ነገር ግን እንደ ተሠራ አላሳየውም፤ የራብተኛውን ሥዕል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እያፈራረቀ ቀጥሎ አሳየው እንጂ። በማግሥቱ፥ መስከረም 2 ቀን፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚያች ሌሊት ከሥዕሉ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ፥ የአንዱ ድግስና የሌላው ራብ በአንድ አገርና በአንድ ጊዜ አብረው እንደሚገኙ በዓይኑ አየ።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ጎደሎ ነበረ። ሥዕሉን ያሳየው መንግሥት የሌላውን ማዕድ ለመክሰስ አሳየው እንጂ የራሱን ማዕድ ለመመርመር አላየውምና። ከ10 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም ወር 1977 ዓ.ም.፥ ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በራብ ሲያልቁ፥ በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በብዙ ወጪ ተከበረ፤ የራቡም ወሬ በዝምታ ተሸፈነ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን የተባለው የኬንያ ሰው በኮረም ያነሣው ሥዕል፥ ከማይክል በርክ ንግግር ጋር በቢ.ቢ.ሲ. በታየ ጊዜ ነው ዝምታው የተሰበረው። ከዚህም የተነሣ ሐምሌ 6 ቀን በዚያው ዓመት በሎንዶንና በፊላደልፊያ ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ተደርጎ ለራብተኞች ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ሥዕልን በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ ብቻ የሚያይ ሰው ያየውን ጥፋት መልሶ ይሠራዋል። ሥዕሉን አይቶ ወደ ራሱ ማዕድ የሚመለስ ግን ይማራል።

ሁለተኛው ትምህርት ወላይታን ይልቁንም ይመለከታታል። እነዚያ የወሎ ሥዕሎች ለዓለም ሁሉ የራብን መልክ አስተማሩ፤ መልኩም የተሰነጠቀ መሬት፥ የደረቀ ዛፍና የሞተ ከብት ሆነ። ስለዚህ ዓለም ራብን ሲፈልግ ደረቅ ምድርን ይፈልጋል። በወላይታ ግን ራብ በለመለመ ምድር መካከል ይገባል። መሬቱ ለብዙ ሕዝብ የጠበበ ስለ ሆነ፥ የቤተ ሰቡ ጎተራ አዲሱ በቆሎ ሳይደርስ ባዶ ይሆናል፤ በዚያ የችግር ወራት ሰውን የሚያሻግረው ስኳር ድንችና ጎደሬ፥ ከዚያም በላይ እንሰት ነው። የስኳር ድንቹ ተክል በዝናም እጥረት ከጠፋ ድልድዩ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ የበልግ ዝናም ቢዘንም፥ ሣሩ ይለመልማል፥ በቆሎውም ያሸታል፤ ነገር ግን የሚበላ ገና የለም። በ1995 ዓ.ም. እና በ2000 ዓ.ም. በወላይታና በአጎራባቾቹ የሆነው እንደዚህ ያለ ነበር፤ «አረንጓዴ ራብ» የሚል ስምም ተሰጠው። በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ልምላሜውን አይቶ «ይህስ የጥጋብ አገር ነው» ሲል፥ በዚያው ልምላሜ መካከል ባለው ጎጆ ውስጥ ሕፃን ሰውነቱ አብጦ ይተኛ ነበር። እንግዲህ ሥዕል ዓይንን እንደሚከፍት ሁሉ ዓይንን ያስለምዳል፤ ያላስለመደውንም ነገር ያሳልፋል። በሥዕሉ ውስጥ ያልገባውን መጠየቅ የተመልካች ሥራ ነው።

ይህን አረንጓዴ ራብ በጎረቤት አገር አይቶ ያሳየ አንድ ፊልም አለ። በ1998 ዓ.ም. ማርክ ፍራንሲስና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉ ወንድማማቾች «ጥቁር ወርቅ» የሚል ፊልም አወጡ። ፊልሙ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን ታደሰ መስቀላን እየተከተለ፥ ለገበሬዎቻቸው ቡና የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ገዥ ሲፈልጉ ያሳያል። በዚያ ዘመን የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ወርዶ ነበር። ተመልካቹ በአንድ ወገን በሩቅ አገር ቡና ቤት ተቀምጦ በደስታ የሚጠጣውን ሰው፥ በሌላ ወገን ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክለውን ገበሬ ያያል። ዳግመኛም በሲዳማ፥ ቡና በሚበቅልበት በለመለመው ምድር፥ በምግብ እጦት የከሱ ሕፃናት በነፍስ አድን ምግብ ሲረዱ ያያል።

ይህ ፊልም ለገዥ ሁሉ የሚያስተምረው ርካሽ ዋጋ የሚባለው ነገር የጠፋ ዋጋ አለመሆኑን ነው። ገዥው ያልከፈለውን አምራቹ ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ይከፍለዋል። ይህም በሎንዶን ለሚጠጣው ብቻ የተነገረ አይደለም። በሶዶ ገበያ ከገጠር ተሸክማ የመጣችውን ሴት፥ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ጠብቆ፥ ይዛው መመለስ እንደማትችል አውቆ ቅቤዋን በግማሽ ዋጋ የሚወስድ ሰው፥ በፊልሙ ከታየው ነጋዴ በምን ይለያል?

ሦስተኛው ትምህርት ከኢትዮጵያዊት እጅ የመጣ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ አይዳ አሸናፊ ያዘጋጀችው «ጉዞ» የተባለው ፊልም፥ በአዲስ አበባ ያደጉ ሁለት ወጣቶች ወደ ገጠር ሄደው ከገበሬዎች ጋር ሲሰነብቱና ኑሯቸውን ሲካፈሉ ያሳያል። የዚህ ፊልም ጥበብ ወጣቶቹን ተመልካቾች ብቻ አድርጎ አለመተዉ ነው። ሥራውን የሞከረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የምግብ ትራፊ ሲደፋ እጁ ይከብደዋል።

ለወላይታ ሰው ግን ይህን ትምህርት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከቤቱ ጓሮ ያለው እንሰት ይበቃዋል። እንሰት እንደ አየሩ ጠባይ አራትና ከዚያም በላይ ዓመት ቆይቶ ይደርሳል። በደረሰ ጊዜ ሴቶች ግንዱን በሳንቃ ላይ አጋድመው ይፍቁታል፤ ሥሩን ይከትፉታል፤ ተጨምቆ ከሚወጣው ውኃ በታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ይሆናል። የቀረው በጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ እስኪብላላ ይቀበራል፤ ይህም ቆጮ ነው። አሚቾው ተቀቅሎ ይበላል፥ ቃጫው ገመድ ይሆናል፥ ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሰጣል፤ የከብቱም ፍግ ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል። ከዚህ ተክል የሚጣል ነገር የለም፤ ምድሪቱም በእርሱ ምክንያት አትራቆትም። ቆጮ ብቻውን ሰውነትን ስለማይገነባ ከጎመን፥ ከአደንጓሬ፥ ከወተትና ከአይብ ጋር መብላቱም የአባቶች ጥበብ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥበብ በጥንቃቄ ካልተያዘ ይጠፋል። እንሰትን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት በ1960 ዓ.ም. ምክንያቱን በጥናት ገልጠውታል። በሽታው ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ በሰው እጅ ያለው ቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጠ ሰው ቢላዋውን በእሳት ሳያነጻ ለጎረቤቱ ቢያውሰው፥ የጎረቤቱን የብዙ ዓመት ድካም ያጠፋበታል። እንግዲህ ቢላዋን በእሳት ማሳለፍ የእርሻ ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትን መውደድም ነው። የአረካ የእርሻ ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ የሚሠራው ሥራ ፍሬ የሚያፈራውም እንደዚህ ያለው ነገር በየጓሮው ሲታወቅ ነው። በደብሩ ወጣቶች እጅ ዛሬ ሥዕል የሚያነሣ ስልክ አለ። የእናቶቻቸውን የመፋቅ ሥራ፥ የቢላዋውንም ማንጻት በወላይትኛና በአማርኛ ቢቀርጹት፥ የዓለም ካሜራ ሳያየው ያለፈውን ነገር እነርሱ ያሳዩታል።

ስለ ሥጋም ጥቂት መናገር ይገባል። በወላይታ ለጊፋታና ለመስቀል የሚታረደው ሰንጋ በእንሰት ቅጠል፥ በስኳር ድንች ሐረግና በበቆሎ አገዳ ይቀለባል፤ ጎረቤታሞችም ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመው በኅብረት ገዝተው ቅርጫውን ይካፈላሉ። ይህ ሥርዓት በሥጋ መብላት ውስጥ መጠንንና ማኅበርን ጠብቆ የኖረ ነው። ጾምም እንደዚሁ ለሰውም ለከብትም ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን በጾሙ ወራት ከሥጋና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ በፍስኩ ቀን ለበለጠ ድግስ ከተቀመጠ፥ ጾሙ የምግብ ጊዜን አዛወረ እንጂ ማዕድን አላቀናም። የተረፈው አረንጓዴው ራብ ወደሚገባበት ቤት ከሄደ ግን ሥራውን ፈጸመ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለደብሩ የቀረው ነገር ቀላል ነው። በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንደዚህ ያሉ ፊልሞች አልፎ አልፎ ቢታዩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መብራቱ ሲበራ ተመልካቹ ወዲያው ወደ ቤቱ አይበተን። ሥዕሉን የቀጠለው ማን እንደ ሆነና ለምን እንደ ቀጠለው፥ ከሥዕሉ ውጭ የቀረው ማን እንደ ሆነ፥ በራሱም ማዕድ ላይ ምን መለወጥ እንዳለበት ይጠይቅ። ካህናቱም ንስሓ ልጆቻቸውን ሲጎበኙ የችግሩን ወራት ቀድመው ቢያስቡ፥ የጽዋው ማኅበርም ከዝክሩ ድግስ ጥቂት ቀንሶ ለእንሰት ችግኝና ለስኳር ድንች ተክል ቢያደርግ፥ ኢዮቤልዩው በሕንፃው ላይ ብቻ ሳይሆን በምድሪቱም ላይ ይከበራል።

የዓለም ሥዕል ሠሪዎች ወላይታን ሲያዩ ልምላሜዋን ብቻ ቢያዩ ስሕተታቸው ከሩቅ ከመምጣታቸው የተነሣ ነው። በዚሁ ልምላሜ ውስጥ የሚኖር ምእመን ግን የጎረቤቱን ባዶ ጎተራ ሳያይ ቢቀር ምክንያት የለውም። እግዚአብሔር የወላይታን ምድርና የሚያርሷትን እጆች ይባርክ፤ የሚበሉትንም ሰዎች ዓይን ይክፈት። አሜን።