አንድ ቋንቋ እንጨምር ወይስ አንጨምር?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



እኛ ከዚሁ ትምህርት ቤት ተምረን የወጣን ሁለት ጓደኛሞች ስንሆን፥ የምንኖረው እዚሁ አምቦ ነው፤ የምንተዳደረውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጻፍ ነው። ይህን ሥራ ከጀመርን ዐሥር ዓመት አልፎናል። የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ሙያችን እንድንናገር በጠየቁን ጊዜ፥ የኮምፒዩተርን ድንቅነት ከማውራት ይልቅ ራሳችንን ያስጨነቀንን አንድ ጥያቄ ይዘን መቅረብን መረጥን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ብዙ ዘመን የሠራ፥ ሙያውን የያዘ ሰው፥ ሌላ አዲስ ቋንቋ መማር ይገባዋልን?

ወላጆቻችን ነገሩ እንግዳ እንዳይሆንባቸው በጥቂቱ እናስረዳ። ኮምፒዩተር በተፈጥሮው የሚቀበለው በ0 እና በ1 የተጻፈ ትእዛዝ ብቻ ነው። ሰው ግን እንዲህ አድርጎ ለመጻፍ ስለሚቸገር፥ ለሰው የሚነበብ ለመኪናውም የሚተረጐም መካከለኛ ጽሕፈት ተበጀ። የፕሮግራም ቋንቋ የሚባለውም ይኸው ነው። እንግዲህ ዓመቶቹን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ብንጠራቸው፥ በ1957 አይ.ቢ.ኤም. ከተባለው ኩባንያ ለሳይንስ ስሌት የሚያገለግለው ፎርትራን ወጣ። በ1959 ለንግድና ለመንግሥት ሒሳብ የሚሆነው ኮቦል ታቀደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ የተባለው አሜሪካዊ ሲ የተባለውን ቋንቋ ሠራ። በ1991 ፓይተን ተከተለ። በ1995 ደግሞ በአንድ ዓመት ብቻ ጃቫ፥ ጃቫስክሪፕትና ፒ.ኤች.ፒ. ለሕዝብ ታዩ። በ2015 ረስት፥ በ2016 ኮትሊን የመጀመሪያ የጸና እትማቸው ወጣ። የጠራነው ዝነኞቹን ብቻ ነው፤ ያልጠራነው እጅግ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ የሚያይ ባለሙያ በሁለት ሐሳብ መካከል ይቆማል። በአንድ በኩል አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ብለውናል። በሌላ በኩል ሁሉን ጀምሮ አንዱንም ያልጨረሰ ሰው ከሁለት ያጣ እንደሚሆን እናውቃለን። የሁለቱም ምክር እውነት ስለ ሆነ፥ ምክሩ ብቻውን አያድነንም፤ መመዘኛ ያስፈልገናል። እኛም ጥያቄውን በሦስት ወንፊት ነፋነው።

የመጀመሪያው ወንፊት፥ ችግሩ ያለው በቋንቋው ነው ወይስ ቋንቋውን ጠልቀን ባለማወቃችን ነው? የሚል ነው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። የከተማችን ስም «አምቦ» ስንት ፊደል ነው ብንላችሁ፥ ከአንደኛ ክፍል ተማሪ ጀምሮ ሁላችሁም 3 ትላላችሁ። እኛ የምንሠራበት ፒ.ኤች.ፒ. ግን በተለመደው መቁጠሪያው ሲጠየቅ 9 ብሎ ይመልሳል። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ዛሬ በአብዛኛው በሚሠራበት ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በተባለው አጻጻፍ፥ እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ቦታ ይይዛል፤ መቁጠሪያውም የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው። ያው ስም በቁቤ ሲጻፍ ግን 5 ፊደል፥ 5 ባይት ስለ ሆነ ጉድለቱ አይታይም። ስለዚህ በቁቤ ብቻ ተሞክሮ ያለፈ መዝገብ፥ ለስም የተመደበለት ቦታ 20 ባይት ቢሆን፥ በፊደላችን የተጻፈውን ስም ሰባተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

ይህን ያየ ሰው «ፓይተን እኮ ያለ ምንም ችግር 3 ብሎ ይቈጥራል፤ ቋንቋ እንለውጥ» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ፓይተን ከሦስተኛው እትሙ ወዲህ ፊደሉን ይቈጥራል። ነገር ግን ፒ.ኤች.ፒ. ራሱ ፊደል የሚቈጥር ሌላ መሣሪያ አለው፤ መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ ያገኘዋል። ለዚህ ብሎ ቋንቋ የሚለውጥ ሰው፥ ማረሻው ዶልዱሞ ሳለ በሬውን እንደሚሸጥ ገበሬ ነው።

ሁለተኛው ወንፊት፥ ችግሩ ያለው በሥራው ዕውቀት ላይ ነው ወይ? የሚል ነው። ለአንድ እድር የወር መዋጮ የሚመዘግብ ፕሮግራም ይጻፍ እንበል። የእኛ ዓመት 13 ወር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው 3 በሚሆንበት ጊዜ፥ ማለት በዘመነ ሉቃስ፥ 6 ቀን ትሆናለች። በእኛ አቆጣጠር 2015 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚጠቀሙበት የቀን መሣሪያ ባለ 12 ወር የአውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ አንዳንዶቹም የኢትዮጵያን ቀን ጽፎ የሚያሳይ መሣሪያ ጨምረዋል። ይሁን እንጂ ትልቁ ጥያቄ ቀኑን መጻፍ አይደለም። ጳጉሜን እንደ ወር ተቈጥራ መዋጮ ይከፈልባታልን? ፕሮግራሙ ወር በተለወጠ ቁጥር ክፈሉ የሚል ከሆነ፥ አባሎቹ ነሐሴ 30 ቀን ከፍለው በሳምንታቸው ደግሞ ይጠየቃሉ ማለት ነው። ይህን የሚወስነው ረስትም አይደለም፥ ጃቫም አይደለም። የሚወስኑት የእድሩ ዳኛና ጸሐፊው ናቸው፤ የፕሮግራም ጸሐፊው ድርሻ ሄዶ መጠየቅ ነው። ይህን ያልጠየቀ ሰው ዐሥር ቋንቋ ቢያውቅ፥ ያንኑ ስሕተት በዐሥር ቋንቋ ይጽፈዋል።

ሦስተኛው ወንፊት፥ በእጃችን ያለው ቋንቋ በእርግጥ የማይደርስበት፥ ስሙን ጠርተን ልናሳየው የምንችለው ሥራ አለን? የሚል ነው። ካለ መማር ይገባል። ከሌለ ግን ዝና ተከትሎ መሮጥ ነው። ለምሳሌ ረስት የተባለው ቋንቋ በብዙ ባለሙያዎች የተመሰገነ ነው፤ የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ በጥንቃቄ እንዲያዝ ስለሚያስገድድ፥ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሊኑክስ በተባለው ታላቅ ሥርዓት ውስጥ እንኳ ገብቷል። ምስጋናው ይገባዋል። ሆኖም እኛ የሱቅ ዕቃና የማኅበር መዋጮ የምንመዘግብ ሰዎች፥ ረስት ብቻ የሚፈታልን ሥራ ፈልገን አላገኘንም። ስለዚህ አክብረን ተውነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ከደንበኞቻችን አንዱ የገበሬዎች ማኅበር ሲሆን፥ ስንዴና ጤፍ የሚረከቡት የመጋዘን ጠባቂዎቹ በጊንጪ፥ በጉደርና በጌዶ በኩል ተበትነው ይሠራሉ። መዝገቡ በድረ ገጽ ስለ ሆነ ኔትዎርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ጠባቂው በወረቀት ይጽፋል፥ ማታ ደግሞ ይገለብጣል፤ በመገልበጡም መካከል ኩንታል ይጠፋል። ገበሬው ያስረከበው እህል በመዝገብ ካልተገኘ የሚከራከረው ከኮምፒዩተሩ ጋር አይደለም፤ ከጎረቤቱ ከመጋዘን ጠባቂው ጋር ነው። ማኅበሩም ለዚህ መድኃኒት ካላገኘንለት ሌላ ባለሙያ እንደሚፈልግ በጨዋ ቃል ነግሮናል።

ጠባቂዎቹ ሁሉ የያዙት የአንድሮይድ ስልክ ነው። ፒ.ኤች.ፒ. የሚሠራው በማዕከሉ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ሆነ፥ መሥመር በተቋረጠ ጊዜ በስልኩ ላይ ሊያገለግል አይችልም። በመጀመሪያ ከዚህ ቀደም በምናውቀው በጃቫስክሪፕት ሞከርን፤ መዝገቡ በስልኩ አሳሽ ውስጥ ለጊዜው እንዲቀመጥ አደረግን። ለጥቂት ቀን ሠራ። ነገር ግን የስልኩ ቦታ ሲሞላ፥ ወይም ባለቤቱ አሳሹን ሲያጸዳ፥ በዚያ የተቀመጠው ሊጠፋ ይችላል። ለቀልድ ሥዕል ይህ ምንም አይደለም፤ ለገበሬ እህል ግን አይሆንም። በራሱ በስልኩ ላይ የሚኖር፥ የራሱ መዝገብ ያለው ፕሮግራም አስፈለገ። ጎግል በ2017 ኮትሊንን ለአንድሮይድ የተፈቀደ ቋንቋ አድርጎታል፤ በ2019ም ተቀዳሚ አድርጎታል። ስለዚህ ጥያቄው ሦስቱንም ወንፊት አለፈ።

ታዲያ ዋጋው ስንት ነው? በሳምንት አምስት ምሽት፥ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፥ ለአራት ወር ቢማሩት 170 ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህ ሰዓት ከሰማይ አይወርድም፤ ከልጆቻችን ጋር ከምንቀመጥበትና ትርፍ ሥራ ሠርተን ለቤት ኪራይ ከምናገኝበት ጊዜ ላይ የሚቈረስ ነው። ስለዚህ ሁለታችንም አንድ ጊዜ እንዳንጀምር ተስማማን። አንዳችን ይማራል፥ አንዳችን ነባሩን ሥራ ይጠብቃል፤ ገቢውን እኩል እንካፈላለን። በአራተኛው ወር መጨረሻ አንድ የመጋዘን ጠባቂ፥ ኔትዎርክ በሌለበት፥ የአንድ ቀን እህል በስልኩ መዝግቦ ማታ ማስተላለፍ ካልቻለ ትምህርቱ ይቆማል፤ ለማኅበሩም እውነቱን እንነግረዋለን። ዛሬ ሁለተኛው ወር ላይ ነን።

በዚህ ጊዜ አንድ ደስ የሚል ነገር አይተናል። አንድሮይድ ስልክ በውስጡ ኤስ.ኪው.ላይት የተባለ የመዝገብ መሣሪያ አለው፤ የሚታዘዘውም ዐሥር ዓመት በሠራንበት በኤስ.ኪው.ኤል. ነው። አዲስ የመሰለን አገር ውስጥ ስንገባ የድሮ ወዳጃችንን ቤቱን ከፍቶ ሲጠብቀን አገኘነው። ይህም ቋንቋዎች እንደ ሰው ልሳን ዘመድና ባዕድ እንዳላቸው ያሳያል። እናንተ በቤት ኦሮምኛ በትምህርት ቤት አማርኛ የምትናገሩ ልጆች ይህን ሳትማሩት ታውቁታላችሁ፤ ፊደሉ ይለያያል እንጂ በሁለቱም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ነው። እንግሊዝኛ ግን ግሡን ከመካከል ስለሚያስቀምጥ ሐሳብን እንደ ገና ማሰናዳት ያሻል። እንዲሁም ሲን ያወቀ ለጃቫና ለጃቫስክሪፕት አይቸገርም፤ ኤስ.ኪው.ኤል. ግን ሌላ ነገድ ነው። በእርሱ የምንጽፈው የምንፈልገውን እንጂ አሠራሩን አይደለም። ሥራ የማያስገድደው ባለሙያ እንኳ አሳቡን ለማስፋት ብሎ ቢማር፥ ከሚመሳሰሉት ሦስት ቋንቋዎች ይልቅ እንዲህ ካለው ባዕድ ነገድ አንዱን ቢማር ይጠቀማል።

የቋንቋን ዕድሜም መመርመር ይገባል። ኮቦል አርጅቷል ተብሎ ስንት ጊዜ ተቀበረ። ዳሩ ግን የኮሮና በሽታ በተስፋፋበት በ2020፥ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ኮቦል የሚያውቁ ፈቃደኞች እንዲረዱ ጥሪ አድርገው ነበር፤ የሥራ አጦች መዝገብ የሚሠራው በእነዚያ አሮጌ መኪናዎች ስለ ነበረ ነው። በአንጻሩ ፍላሽ በተባለው የአንድ ኩባንያ መሣሪያ ላይ ብቻ የተደገፉ ብዙ ወጣቶች፥ ኩባንያው በዚያው በ2020 መጨረሻ ባቆመው ጊዜ የለመዱት ሥራ ከእጃቸው ወጣ። ስለዚህ አዲስ መሆኑ ዋስ አይሆነውም፤ አሮጌ መሆኑም አይኰንነውም። በእርሱ የተጻፈው ሥራ ምን ያህል ነው? ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ዛሬ ደግሞ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ መጣ፥ «ቋንቋ መማር ለምን?» የሚሉ አሉ። እኛም እንጠቀምበታለን፤ በማናውቀው ቋንቋ እንኳ በደቂቃ ይጽፋል። ነገር ግን የጻፈውን አንብቦ «ይህ ልክ ነው፥ ይህ ግን ኩንታል ያጠፋል» የሚለው፥ በስሙም የሚፈርምበት፥ ሰው ነው። የማያነቡትን ውል መፈረም ደግ አይደለም።

ታናናሾቻችን ሆይ! ከ2024 ጀምሮ በአገራችን አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን የተዘረጋው ዕቅድ ለጀማሪ በር ከፍቷል፤ ግቡበት። ነገር ግን አንዱን ቋንቋ እስከ ሥሩ ሳትይዙ ሁለተኛውን አትቁጠሩ። ከዚሁ ከአምቦ አጠገብ፥ በቦዳ፥ በ1936 የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገረ አድጎ ግዕዝን ተማረ፤ እንግሊዝኛንም ጨመረ። የጨመረው ለመቍጠር አልነበረም፤ የሼክስፒርን ሐምሌትና ኦቴሎ በአማርኛ አቀረበበት እንጂ። የቋንቋ ትርፉ በላዩ የተሠራው ሥራ ነው።

ወላጆቻችን፥ ልጃችሁ አዲስ ትምህርት ልጀምር ብሎ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ፥ ኮምፒዩተር ባታውቁም እንኳ አንድ ጥያቄ ልትጠይቁት ትችላላችሁ፤ «በዚህ የምትሠራው፥ ባለፈው ያልቻልከው ሥራ ምንድን ነው?» ብላችሁ። መልስ ካለው ስጡት። ከሌለው የያዘውን እንዲጨርስ ምከሩት። መምህራኖቻችንም ዘወትር ሲጠይቁን የነበረው ይህንኑ ነው፤ «ገባችሁ ወይ?» ሳይሆን «ሠርታችሁ አሳዩኝ» ይሉን ነበር።