የሚጥል በሽታ ያለባት እናትና መድኃኒቷ

ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። የዛሬው ንግግራችን የሚጥል በሽታ ስላለባትና መውለድ ስለምትፈልግ እኅታችን ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንወቅ። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ማግባትም መውለድም ትችላለች። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ እናቶች ጤናማ ልጅ ይታቀፋሉ። ታዲያ ጥንቃቄው ምኑ ላይ ነው? መድኃኒቱ ላይ ነው።

ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለው ለፅንስ አደገኛ ነው። እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ይህን ከወሰዱ 100 ልጆች ውስጥ 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ መራመድ፣ መናገር ወይም ትምህርት መቀበል ያስቸግራቸዋል። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ መክሯል። ላሞትሪጅንና ሌቬቲራሴታም የሚባሉት ግን አደጋቸው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

«እንግዲያውስ መድኃኒቴን ልጣለው!» የምትል አትጠፋም። ተይ፣ እኅቴ! በድንገት ያቋረጡት እንደሆነ በሽታው ብሶ ይመለሳል። ምድጃ አጠገብ ወይም ወንዝ ዳር ብትወድቂ አንቺም ፅንሱም ትጎዳላችሁ። መድኃኒት የሚቀየረው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። ጠበል የምትጠመቅ እኅት ያለቻችሁም መድኃኒቷን አታስጥሏት።

መቼ ይቀየር? ከማርገዝ በፊት ነዋ! የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር መሠረት የሚጣለው በመጀመሪያው ወር፣ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚንም አስቀድሞ መጀመር አለበት። ሳታስቢው ካረገዝሽ ግን መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ፈጥነሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ፊደል መቁጠር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በካርቶኑ ላይ ያለው ስም በባዕድ ፊደል ቢሆንም፣ መድኃኒት ሰጪውን «በአማርኛ ጻፉልኝ» በዪው። ቤትሽ ገብተሽ አንብቢው፤ ካርዱንም አትጣዪው።

አሁን ሁላችሁም ጻፉ፦ «የምወስደው መድኃኒት ቫልፕሮኤት ነው ወይ? ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ።» ደግማችሁ አንብቡት። በሽታው ያለባት ጎረቤት ካለቻችሁ ጽፋችሁ ስጧት፤ ሐኪሟ ዘንድ ይዛው ትቅረብ።

ደኅና ዋሉ።