ጓዳችንን እንወቅ
(በትምህርት ቤታችን በዓል የተደረገ ንግግር)



እኛ የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ልጆች ጨውና ሎሚ ለወጥ ብቻ እንዳልሆኑ ከእናቶቻችን ተምረናል። ሎሚና አመድ የጠቆረ ድስት ያጠራሉ፤ ጨውም የሥጋውን እርጥበት ስለሚስብ ቋንጣው ሳይበላሽ ይቆያል።

ነገር ግን ልማድ ሁሉ ትክክል አይደለም። ታናሽ እህቴን የፈላ ውሃ ባቃጠላት ጊዜ ቅቤ ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጥን፤ ሙሉ እንስራ ውሃ ግን በአጠገባችን ነበር። ቅቤ ሙቀቱን በቆዳ ላይ ያግታል፤ የሚገባው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነበር።

ተቅማጥ የያዘውንም ሕፃን ውሃ መከልከል ስሕተት ነው፤ የሚገድለው የውሃው ማለቅ ነውና። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ለምለም በእጃችሁ ከሌለ፥ ፈልቶ በበረደ 1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው አይቆለል፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። እያጠጣችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እህቴ ድናለች፤ ጠባሳው ግን በክንዷ ላይ አለ። እርሱን ባየሁ ቍጥር፥ ጓዳ ከመሙላት ይልቅ ጓዳን ማወቅ እንደሚበልጥ አስታውሳለሁ።