ቆሞ ሳለ ባትሪ የሚበላ መኪና
በአሮጌ የስፖርት መኪና ላይ የኃይል ብክነትን ስለ መፈለግ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ማታ በደኅና የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ድምፅ ያጣ እንደ ሆነ፣ ከባለቤቱ አፍ አስቀድሞ የሚወጣው ቃል «ባትሪው ሞተ» የሚል ነው። ጋራዡም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ቃል እንደ ፍርድ ተቀብሎ አዲስ ባትሪ ያስገባል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ኃይሉ በየት በኩል እንደሚወጣ በልኬት ሳይታወቅ ባትሪ መለወጥ የባለቤቱን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ፣ እሳት ሊያስነሣ የሚችልን ብልሽት ሸፍኖ ማለፍ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም የፍለጋውን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ማሳየት ነው።

ለማስረጃ የሚቀርበው ኤም ጂ ቢ የተባለው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በአቢንግደን ከተማ ተሠርቷል፤ ቁጥሩም ከ500,000 በላይ ነው። ዛሬ በአፍቃሪዎቹ እጅ የሚገኘው አብዛኛው ለሽርሽር ካልሆነ በቀር ከቤት አይወጣም። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ሌሊት ያጣውን ቀን ይተካል፤ ለሳምንታት የሚቆም መኪና ግን ጥቂቷም ብክነት ታጋልጠዋለች።

የብክነቱን መጠን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። 50 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሳይጠፋ በቀረ አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል በኩል 0.4 አምፔር ያህል ቢያጣ፣ በአንድ ቀን 10 አምፔር ሰዓት ይጎድልበታል፤ በ5ኛው ቀንም ባዶ ይሆናል። ሞተሪኖውን ማዞር የሚያቅተው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። በአንጻሩ 0.03 አምፔር ብቻ የሚወስድ ዕቃ ያንኑ ባትሪ ባዶ ለማድረግ ከ2 ወር በላይ ያስፈልገዋል። ሰዓትም ሆነ ማስታወሻ ያለው ራዲዮ በሌለው አሮጌ መኪና ላይ መለኪያው ሊያሳይ የሚገባው ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ባለቤቱን በመጠየቅ ነው። ራዲዮ፣ የሌባ መከላከያ ደወል ወይም ተጨማሪ መብራት በኋላ ተገጥሞ እንደ ሆነ ማወቅ የብዙ ሰዓት ድካም ያተርፋል። ከ40 ዓመት በላይ በብዙ እጅ ያለፈ መኪና እያንዳንዱ ባለቤት የቀጠለውን ሽቦ ተሸክሞ ይዞራልና፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ ይህ ሳይነገር የሚደረግ ምርመራ ጎዶሎ ነው።

ቀጥሎ ባትሪው ራሱ ይመረመራል። በሚገባ ተሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። በአብዛኞቹ ኤም ጂ ቢ መኪናዎች ግን ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ ከወለሉ ሥር፣ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ይገኛሉ፤ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ የተተካው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ተለክተው እያንዳንዳቸው 6.3 ቮልት ያህል ማሳየት አለባቸው። አንዱ ብቻ እየወረደ ከተገኘ ጥፋቱ ከሽቦው ሳይሆን ከዚያ ባትሪ ነው። በባትሪ ክዳን ላይ የተጋገረ አሲድና አቧራም በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ኮረንቲ ሊያሳልፍ ስለሚችል አስቀድሞ ይጠረግ። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በባትሪው ጫፎች ላይ 14 ቮልት ያህል መታየት አለበት፤ ይህ ከሌለ የጎደለው መሙላቱ ነውና ፍለጋው ሌላ ነው።

ባትሪውም ሙሌቱም ንጹሕ ሆነው ሲገኙ፣ የማሳው ገመድ ከባትሪው ተፈትቶ በመካከል መለኪያ ይገባል። ማሳው የትኛው ጫፍ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1967 በተሠሩት ላይ ማሳው ፖዘቲቭ ነበርና። በመጀመሪያ ባለ 21 ዋት አምፖል በመካከል ይታሰራል። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ከባድ መገናኘት አለ ማለት ነው፤ መለኪያውም ከመቃጠል ይድናል። አለመብራቱ ግን መኪናውን ነጻ አያወጣም፤ ባትሪውን በሳምንት የሚጨርስ ብክነት ይህን አምፖል ለማቅላት እንኳ አይበቃምና። ስለዚህ አምፖሉ ሳይደምቅ ሲቀር በእርሱ ቦታ እስከ 10 አምፔር የሚለካ መለኪያ ይገባል። መለኪያው ታስሮ ሳለ የሞተሩን ቁልፍ ማዞር ክልክል ነው።

በዚህ መኪና ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ባትሪው ያለው ከመቀመጫው ኋላ በመሆኑ መርማሪው በሩን ከፍቶ ይገባል፤ በሩ ሲከፈት የውስጥ መብራት ይበራል፤ መለኪያውም የመርማሪውን የራሱን ሥራ እንደ ብልሽት ይቆጥራል። ስለዚህ የበሩ ማብሪያ ተጭኖ መታሰር አለበት፤ ጣሪያው በሚታጠፈው ዓይነት ላይ ደግሞ በሩን ዘግቶ ከላይ መሥራት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የሽቦው ቀለም ይመራል። ቡናማው ሽቦ ከባትሪ ያለ ፊውዝ የሚመጣ ነው። ሐምራዊው በፊውዝ አልፎ ዘወትር ኃይል ያለው ሲሆን፣ ክላክስንና የውስጥ መብራትን ይመግባል። ነጩና አረንጓዴው ኃይል የሚያገኙት ቁልፉ ሲከፈት ነው። እንግዲህ ቁልፉ ተነቅሎ፣ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ሳለ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው በተለይ ቡናማውና ሐምራዊው ናቸው፤ ከመኪናው ሽቦ አብዛኛው ገና ሳይነካ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

የሐምራዊው ፊውዝ ሲነቀል ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ጥፋቱ በዚያ መስመር ላይ ነው። የዛገ የበር ማብሪያ ወይም በኋለኞቹ ምርቶች ላይ የኋላው ዕቃ መጫኛ ተዘግቶ ሳለ የማይጠፋ አምፖል ይፈለጋል። አምፖሉን አውጥቶ ቁጥሩን እንደገና ማየት ይበቃል።

ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቁጥሩ ካልወረደ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ብክነቱ ፊውዝ በሌለው መስመር ላይ ነውና። በኋላ የተቀጠለ ሽቦ ካለ ይፈታል፤ ከዚያም የአልተርኔተሩ ሶኬት ይነቀላል። ቁጥሩ አሁን ከወረደ ኮረንቲውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ የሚገባው ዳዮድ ወደ ኋላ እያፈሰሰ ነው። ዲናሞ ባላቸው በቀደሙት መኪናዎች ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ዲናሞውን ከባትሪው የሚለይ መቁረጫ አለ፤ ጫፎቹ ከተጣበቁ ባትሪው በቆመው ዲናሞ በኩል ብዙ ኮረንቲ ያፈስሳል፤ ዲናሞውም ይግላል።

ይህም ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ከባትሪው ተነሥቶ በመኪናው ሆድ ሥር ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ በዓይንና በእጅ ይመርመር። ልባሱ በብረት ተፈግፍጎና እርጥበት ገብቶበት እንደ ሆነ፣ ዛሬ በመለኪያው ላይ የምትታየው ጥቂት ቁጥር የነገ እሳት መቅድም ናት። ገመዱ ከአካሉ ጋር በሙሉ የተገናኘ ቀን የባትሪው ኃይል ሁሉ በአንድ ጊዜ በዚያ ያልፋል፤ የሚያቋርጠውም ፊውዝ የለም። አዲስ ባትሪ ማስገባት ለዚህ አደጋ የበለጠ ጉልበት መስጠት ነው።

ጥፋቱ ተገኝቶ ከታደሰ በኋላ ልኬቱ ይደገማል፤ መኪናውም አድሮ ጠዋት ቮልቱ እንደገና ይታያል። ከዕድሳቱ በፊትና በኋላ የተነበቡት ሁለት ቁጥሮች በሒሳቡ ወረቀት ላይ ቢጻፉ መልካም ነው። ባለቤቱ የከፈለው ለምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ነገ መኪናውን የሚያየው ሌላው ባለሙያም ከየት እንደሚጀምር ይረዳል። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዛሬም ለሚታየው አሮጌ ፎልክስዋገንም ቢሆን የሽቦው ቀለም ይለያያል እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው፤ መጀመሪያ ይለካ፣ ቀጥሎ ይከፈል፣ መለወጥ የሚገባው ነገር የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው።